ዝማሜና ሥዕል

ቃል በጽሕፈት ይቀመጣል፤ ዜማም በምልክት ይጻፋል። የእግርና የትከሻ እንቅስቃሴ ግን እንደ ተፈጸመ ወዲያው ያልፋል። ይህን አላፊ ነገር ከሚያስቀሩልን አንዱ የሠዓሊ እጅ ነው።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድጋር ደጋ (1834–1917 እ.ኤ.አ.) በፓሪስ ኦፔራ የሚለማመዱትን የባሌት ተወዛዋዦች በመሣል ዝናን አተረፈ። በአገራችን ግን ማኅሌትና ሥዕል በአንድ ጣራ ሥር የኖሩት ከእርሱ ዘመን እጅግ አስቀድሞ ነው። በጣና ዳር፣ በዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኖ ያያል። ካህናቱም በበዓል ቀን መቋሚያና ጸናጽል ይዘው የሚያሸበሽቡት ከዚሁ ግድግዳ ሳይርቁ ነው።

በየአብያተ ክርስቲያናቱ ከሚሣሉት ታሪኮች አንዱ የቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የተመረኮዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ እንደ ተከለውና ደሙ ሲፈስስ ሁለቱም እንዳላወቁ ይተረካል። ሠዓሊዎቻችን ይህን ታሪክ ሲሥሉ የዜማውን ኀይል በአፍ ሳይሆን በእግር ገለጡት። የተወጋው እግር ከቦታው አይነቃነቅም፤ የዘማሪው ፊት ግን ሕመም አይታይበትም።

የዜማው ምልክት በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጀ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ዝማሜውና መረግዱ ግን ዛሬም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፈው በዐይንና በአካል ነው። ስለዚህ መምህሩ ባለፈ ጊዜ ለዐይን የሚቀረው ሥዕሉ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ስንጓዝ ዳንግላንና እንጅባራን እናገኛለን። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ፈረሱ አጊጦ ይጋልባል፤ ሕዝቡም በአውኛና በአማርኛ እየዘፈነ ይጨፍራል። ይህ ጨዋታ እንደ ማኅሌቱ የአብነት መምህር የለውም፤ አያት ለልጅ ልጅ ካላሳየው ይጠፋል። ደጋ ከተወዛዋዦቹ ሌላ የእሽቅድምድም ፈረሶችን እየደጋገመ መሣሉን ስናስብ፣ ጭፈራና ፈረስ በአንድ ሜዳ የሚገናኙበት የአዊ ምድር ለሠዓሊ ምን ያህል የታደለ እንደ ሆነ እንረዳለን።

ፎቶግራፍ እያለ ሥዕል ምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። ፎቶግራፍ በአንዲት ቅጽበት የታየውን ይይዛል። የያሬድ ሥዕል ግን ዜማውን፣ የንጉሡን ተመስጦና ያልታወቀውን ቁስል በአንድነት አቅርቦልናል። የእንጅባራና የዳንግላ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በጥር ወር ወደ ሜዳው ቢወስዱ፣ ወረቀትና እርሳስም ቢያስይዟቸው፣ የአባቶቻቸውን እርምጃ ለልጆቻቸው ለማቆየት ጥሩ ጅምር ይሆናል እንላለን።