ድርና ማግ፦ የዩኒቨርሲቲያችን ዜማና ቴአትር፣ ልጆቹም የሄዱበት መንገድ

ጉለሌ ሲነሳ ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሸማኔው ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ለሚወጣ መንገደኛ ሽሮ ሜዳ ላይ ግራና ቀኙ ነጭ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ጥበብ ቀሚሱ ተሰቅሎ። ሸማ እንግዲህ ድርና ማግ ነው። ድሩ ለብቻው ክር ነው፤ ማጉም ለብቻው ክር ነው። ልብስ የሚሆኑት ሲጠላለፉ ነው። ከዚሁ ሰፈር ግርጌ ያለው ዩኒቨርሲቲያችንም በአንድ ዘመን ዜማንና ቴአትርን እንደ ድርና ማግ አዋህዶ ለመሸመን ሞክሮ ነበር። ይህ ጽሑፍ ያን ሙከራ፣ ከሙከራው የወጡትን ሰዎች፣ ከዚያም በኋላ የመጣውን መለያየት ይመለከታል። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ በፈረንጆች ሲሆን «እ.ኤ.አ.» ብለናል።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲያችን «የሙዚቃዊ ተውኔት ትምህርት ክፍል» የሚባል ነገር የለም። ሙዚቃ ለመማር የፈለገ ወደ ያሬድ ይሄዳል፤ ተዋናይ ወይም አዘጋጅ ልሁን ያለ ወደ ቴአትር ጥበባት ይገባል፤ እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደግሞ ግጥሙን ይዘን ሌላ ክፍል ውስጥ እንቀመጣለን። ሦስቱ በእግር ተጠያይቀው የሚገናኙ ጎረቤቶች ናቸው፤ ግን እንደ ዘመድ አይጠያየቁም። ለመሆኑ ነገሩ ከጥንት እንዲህ ነበር ወይ?

አልነበረም። በአገራችን ዜማና መድረክ ተለያይተው አያውቁም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቤተ ክርስቲያን አቋቋም የሚማር ደብተራ ቃሉን ብቻ አያጠናም፤ ዜማውን ከነእንቅስቃሴው፣ ከመቋሚያው፣ ከጸናጽሉና ከከበሮው ጋር ይማራል። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከዚያው ከቅኔው ቤት ወጥተው ተውኔት መጻፍ ሲጀምሩ መዝሙሩንና ዘፈኑን ከንግግሩ ጋር ይዘው ነው የመጡት። በአርመኑ በኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማ ለተዘጋጀው የመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙር ቃሉን የጻፉትም እሳቸው ናቸው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ዘፈኑን፣ ጭፈራውንና ድራማውን ለተመልካች ያቀረበው በአንድ መድረክ፣ በአንድ ምሽት ነው። በ1948 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው ያሁኑ ብሔራዊ ቴአትርም ቢሆን ያለ ኦርኬስትራ ቆሞ አያውቅም፤ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ሙዚቀኞቹን ሲያሠለጥንና ለመድረክ የሚሆን ሙዚቃ ሲያሰናዳ ብዙ ዓመት ኖሯል።

ዩኒቨርሲቲው ወደዚህ ሥራ የገባው ዘግየት ብሎ ነው። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጥቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1954 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን ግጥም ያነቡ ነበር፤ የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰማው በእንዲህ ያለው መድረክ ነው። ግጥሙ በወረቀት ላይ የሞተ አልነበረም፤ በሺህ ጆሮ ፊት በድምፅ የቆመ ነበር። እንግዲህ ተማሪው መድረክን የለመደው በገዛ ግጥሙ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 የኪነ ጥበባት ማዕከሉ ሲቋቋም ኃላፊው ፊሊፕ ካፕላን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። አብሮት የሠራው ደግሞ ተስፋዬ ገሠሠ ነው። ተስፋዬ የዚሁ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ልጅ ነው፤ ቴአትርን አሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ መጣ። በዚያው ዓመት ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሀሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ ቡድኑም በማዕከሉ ጥላ ሥር ሠራ። ሀሊም ተራ የሙዚቃ መምህር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1958 ማርታ ግራሃም ለተባለችው ታላቅ የዳንስ ባለሙያ «ክሊተምኔስትራ» ለሚለው ሥራዋ ሙዚቃውን የደረሰላት እሱ ነው። ስለዚህ ሙዚቃ፣ እንቅስቃሴና ታሪክ እንዴት አንድ እንደሚሆኑ በእጁ የሠራ ሰው ነበር።

የኦርኬስትራው ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ለመረዳት መሣሪያዎቹን ማሰብ ይበቃል። ክራር የሚቃኘው በባለቤቱ ድምፅ ልክ ነው። ዋሽንት የተበሳበት ቁመት ድምፁን ይወስነዋል። መሲንቆ አንድ አዝማሪ ብቻውን እየዘፈነ የሚመታው ነው። በገና የጸሎት ነው፤ መለከትና እምቢልታ የቤተ መንግሥትና የአደባባይ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ቅኝት ይጫወቱ ሲባል፣ ከተለያየ አውራጃና ከተለያየ ብሔረሰብ የመጡ ባለሙያዎች አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ መሣሪያውን ማስተካከል ነበረበት። ሌላም ነገር አለ። «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ በሚነገርበት አገር፣ መሲንቆ መቺው በቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ እንደ ባለሙያ ተቆጠረ። ይህ እኮ ቀላል ነገር አይደለም!

ከሀሊም በኋላ የሰላም ጓዱ ጆን ኮ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ተስፋዬ ለማ ቡድኑን መሩት። ሌላው የሰላም ጓድ ቻርልስ ሰተን ከጌታመሳይ አበበ መሲንቆ ተማረ። ፈረንጅ ከአዝማሪ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ ማለት ነው፤ የተለመደው ሥርዓት ተገልብጦ። እ.ኤ.አ. በ1969 ከቡድኑ የተውጣጡት ሙዚቀኞች «ብሉ ናይል ግሩፕ» ተብለው አሜሪካን ዞሩ፤ በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅትም ታዩ። ኦርኬስትራው እ.ኤ.አ. በ1975 ተበተነ። ሙዚቃው ግን አልተበተነም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 23ኛው ሆኖ እንደገና ወጣ።

ታዲያ በዚያ ቤት ያለፉት ሰዎች ወዴት ሄዱ? የአንድ ትምህርት ቤት ዋጋ የሚመዘነው በሕንፃው አይደለም፤ በልጆቹ ነው።

ተስፋዬ ገሠሠን እንውሰድ። ደራሲ፣ ገጣሚ፣ ተዋናይ፣ አዘጋጅ፣ መምህር ሆነ፤ ሀገር ፍቅርንም ብሔራዊ ቴአትርንም መርቷል። «እቃው» የተባለው ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ለእስር ዳርጎታል። በ2013 ዓ.ም. እስካረፈ ድረስ ስሙ ከመድረክ አልተለየም። ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱ ደግሞ በማዕከሉ መድረክ አልፈው ሃንጋሪ ድረስ ሄደው ቴአትር ተማሩ። ደበበ እ.ኤ.አ. በ1973 «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ ሠራ። ወጋየሁ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ፣ ማንበብ የማይችለው ሰው ሁሉ በዛብህንና ሰብለን እንደ ጎረቤቱ ልጆች አወቃቸው። የወጋየሁን ንባብ የሰማ ሰው ይመስክር፤ ያ ንባብ ብቻ ነው እንዴ? ዜማ ነው እንጂ! ድምፁ የሚወርድበት፣ የሚያርፍበት፣ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ሁሉ በልክ የተቃኘ ነው። ተስፋዬ ለማም በበኩሉ ግጥም ጽፎ፣ ዜማ ደርሶ፣ ስለ ኢትዮጵያ የሙዚቃ መሣሪያዎች መጽሐፍ አሳትሞ፣ በመጨረሻ በስደት ዋሽንግተን ላይ «ናይል ኢትዮጵያን አንሳምብል»ን አቋቋመ። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 አረፈ።

በእነዚህ ሰዎች ሕይወት ውስጥ አንድ የጋራ ነገር እናያለን። አንዳቸውም የአንድ ሙያ ሰዎች አይደሉም። ገጣሚው ይተውናል፤ ተዋናዩ ያዜማል፤ ዜመኛው ይመራመራል። ይህ ተሰጥኦ ብቻ ነው ማለት አይበቃም። የሚኖሩበት ቤት ግድግዳ ስላልነበረው ጭምር ነው። መሲንቆው ሲቃኝ የሚሰማ ተዋናይና ልምምድ ሲደረግ የሚያይ ክራር መቺ፣ ሳይታወቃቸው አንዱ ከሌላው ይማራሉ።

ከአብዮቱ በኋላ ሥራው መልኩን ለወጠ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ ዘፈኑ፣ ሽለላው፣ ጭውውቱ እንደገና አንድ መድረክ ላይ ወጣ። ነገር ግን ቀበሌ ትምህርት ቤት አይደለም፤ የተባለውን ማቅረብ ነበር ሥራው። በዩኒቨርሲቲው ደግሞ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል በ1971 ዓ.ም. ተከፈተ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በምሥረታው ትልቁን ድርሻ ያዘ፤ መንግሥቱ ለማ አስተማረ፤ ደቡብ አፍሪካዊው ሮበርት ካቫና እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1984 ክፍሉን ለማሳደግ ደከመ። ከዚህ ክፍል ከወጡት አንዱ ጌትነት እንየው ነው፤ ተዋናይ፣ አዘጋጅ፣ ገጣሚ፣ የ«የቴዎድሮስ ራዕይ» ደራሲ። እሱም ቢሆን የድሮውን ዓይነት ሰው ነው፤ ቅኔው ከመድረኩ አልተለየውም።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ደግሞ በራሱ መንገድ አደገ። አሸናፊ ከበደ አሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ መጥቶ መራው። ኋላ ከወጡት ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ወደ ቡልጋሪያ ሶፊያ ሄዶ ፒያኖ አጠና፤ የአገራችንን ዜማ በፒያኖ ለዓለም የሚያሰማ ሰው ሆነ። ሳሙኤል ይርጋም ከያሬድ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2012 «ጉዞ» የሚለውን አልበም አወጣ።

እዚህ ላይ «እንዲህ ከሆነ መለያየቱ ምን ጎዳ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ፒያኖ በቀን ብዙ ሰዓት ካልተቀመጡበት አይገራም። ግርማን የሚያህል ሰው ለማፍራት ሙዚቃ ብቻ የሚደረግበት ቤት ያስፈልጋል። ሁሉን ቀላቅሎ ማስተማር ሁሉንም ግማሽ አድርጎ ማስቀረት ሊሆን ይችላል። ይህን አንክድም። እኛ የምንለው ቤቶቹ ይፍረሱ አይደለም፤ በር ይኑራቸው ነው።

ሌላው ዓለም ይህን በር እንዴት እንደከፈተው ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ሙዚቃዊ ተውኔትን በዲግሪ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ዘፈን፣ ትወናና ዳንስ በአንድ ተማሪ ላይ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቤንጅ ፓሴክና ጀስቲን ፖል የተገናኙት በዚሁ ዓይነት ክፍል ተማሪ ሳሉ ነው። አብረው ዘፈን መድረስ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ለፊልም በጻፉት የዘፈን ግጥም ኦስካር፣ በመድረክ ሥራቸው ደግሞ የቶኒ ሽልማት ወሰዱ። ልብ እንበል፤ ትምህርት ክፍሉ የሰጣቸው ትልቁ ነገር መጽሐፍ አልነበረም። አንዱን ለአንዱ ሰጣቸው። የእኛዎቹ ጌታመሳይና ሰተንም የተገናኙት እንዲሁ ነበር።

ዛሬ ከቴአትር ጥበባት የሚመረቅ ልጅ ወደ ቴሌቪዥን ድራማ፣ ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ማስታወቂያ ወይም ወደ ትምህርታዊ ቴአትር ይሄዳል። ከያሬድ የሚመረቀው ወደ ስቱዲዮ፣ ወደ ሆቴል መድረክ ወይም ወደ ማስተማር ይሄዳል። ሁለቱ የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ ከተመረቁ በኋላ፣ ሥራ ፍለጋ ላይ ነው። አዘጋጁ ከተዘጋጀ ካሴት ሙዚቃ ቆርጦ ይለጥፋል፤ ሙዚቀኛውም ተውኔቱን ሳያነብ ዜማ ይሠራል። መድረኩ ላይ ቅር የሚለን ነገር ምንጩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ድሩ ለብቻው፣ ማጉ ለብቻው።

ደግነቱ ዛሬ መንገዱ ከድሮው ይቀርባል። ያሬድ፣ የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና ቴአትር ጥበባት በሠዓሊው በእስክንድር ቦጎሲያን ስም በተሰየመው ኮሌጅ ሥር ናቸው። ስማቸው በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ የቀረው ሥራው ነው። ትልቅ በጀት አንጠይቅም። በየዓመቱ አንድ የመመረቂያ ተውኔት የጋራ ይሁን፤ ቃሉን የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይጻፍ፣ ዜማውን የያሬድ ልጅ ይድረስ፣ መድረኩን የአለ ተማሪ ይሣል፣ የቴአትሩ ልጅ ያዘጋጅ፣ ልብሱን ከሽሮ ሜዳ እንውሰድ። በተጨማሪም የማዕከሉንና የኦርኬስትራውን ዘመን የሚያውቁ ሰዎች ቃላቸው በድምፅ ይቀረጽ። ተስፋዬ ገሠሠም፣ ወጋየሁም፣ ተስፋዬ ለማም፣ ሀሊምም አልፈዋል። የቀሩት ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ቀጠሮ አይሰጡንም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። እኛ አንበሳ እንሰር አላልንም። በሚመጣው ዓመት አንድ ምሽት፣ አንድ መድረክ ላይ፣ አንድ ተውኔት ከነዜማው እናሳይ ነው ያልነው። ፈቃደኛ የሆነ ከያሬድም፣ ከቴአትርም፣ ከአለም፣ ከእኛም ክፍል ይምጣ፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ ጽፈን እንጠብቃለን።