ግዳይና ጥማድ በሬ፦ በትምህርት ቤት ስለሚቀርበው የጠረፍ ታሪክና ስለ እንስሳት መብት ተቃውሞ

የአድዋ ድል መታሰቢያ የሆነው የካቲት 23 ቀን በደረሰ ጊዜ፣ በሐይቅና በውጫሌ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ ተማሪዎች የአባቶቻቸውን ጀግንነት በትርኢት ሲያሳዩ፣ ከመድረኩ ብዙ ጊዜ ከማይታጡት ነገሮች አንዱ የአውሬ ቆዳ ነው። ጎፈር የደፋ፣ ለምድ የደረበ፣ ጋሻና ጦር የያዘ ልጅ ወዲያና ወዲህ እየተንጐራደደ ይፎክራል፤ በጦር ሜዳ የጣለውን የሰው ግዳይ ከአንበሳና ከዝሆን ግዳይ ጋር አሰናስሎ ይቈጥራል፤ ተመልካቹም በእልልታና በጭብጨባ ይቀበለዋል። ጎፈሩ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የእውነተኛ አንበሳ ሳይሆን ከፍየል ወይም ከበግ ለምድ ተቈርጦ ቡናማ ቀለም የተቀባ ማስመሰያ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ከላዩ የሚደፋው ትርጉም የጥንቱ ነው፤ ይኸውም አውሬን መግደል ከክብር ሁሉ የሚበልጥ ክብር ነው የሚለው ነው።

በሰሜን አሜሪካ የጠረፍ ታሪክ አስረጂዎች የወጥመድ ብረትና የአውሬ ቆዳ ይዘው ወደ ትምህርት ቤት በሚገቡበት ጊዜ፣ የእንስሳት መብት ጠበቆች የሚያሰሙት ተቃውሞ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። በዚያ አገር በአሥር ሚሊዮኖች ይቈጠር የነበረው ባይሰን የተባለው የዱር በሬ፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አንድ ሺህ ገደማ ወርዶ ነበርና፣ የጠረፉን ሰው ጀግንነት ብቻ የሚነግር ትምህርት የእልቂቱን ነገር እንደ ሸሸገ ይቈጠርበታል። ይህ ክርክር ለእኛ የባዕድ ክርክር መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ የራሳችንን የጠረፍ ታሪክ ይመልከት። በ19ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ የሸዋ መንግሥት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በተስፋፋበት ዘመን፣ የዝሆን ጥርስ ከወርቅ፣ ከቡናና ከዝባድ ጋር ወደ ባሕር የሚወርድ ዋነኛ ሸቀጥ ነበር፤ በዚህም ንግድ ጠመንጃ ይገዛ ነበር። ዝሆን የገደለ ሰው በጆሮው ወርቅ አንጠልጥሎ በአደባባይ ይከበር ነበር። ዝባዱም ቢሆን እንዲያው የተገኘ አልነበረም፤ ጥርኝ የተባለችው አውሬ መዞር በማትችልበት ጠባብ ቀፎ ታስራ ዘመኗን ስትፈጽም፣ ከእጢዋ እየተፋቀ ለባዕድ አገር ሽቱ ቀማሚዎች የሚላክ ነበር። ይህን ነገር በመማሪያ መጽሐፍ የምናገኘው በንግድ ዕቃዎች ዝርዝር መካከል በአንዲት ቃል ብቻ ነው።

ትውፊቱን የሚከላከሉ ሰዎች የሚሰጡት መልስ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ፉከራና ሽለላ የአገር ቅርስ ነው፤ የሆነውን እንዳልሆነ አድርጎ ማስተማር ሐሰት ነው ይላሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ገዳይ ይከበር እንደ ነበረ ልጆቻችን ሊያውቁ ይገባል። ዳሩ ግን ክብሩ ለምን እንደ ተሰጠ፣ ማን እንደ ተጠቀመበት፣ አውሬውም ወዴት እንደ ደረሰ ሳይነገር፣ ጭብጨባው ብቻ ለልጁ የተረፈ እንደ ሆነ፣ የቀረበው ትርኢት ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የግብረ ገብ ትምህርት ይሆናል፤ ያውም መምህሩ ሳያስብበት የሰጠው የግብረ ገብ ትምህርት።

ይህን ለማስረዳት ከአምባሰል የተሻለ ስፍራ አላገኘሁም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ አጠገብ በይስማ ንጉሥ፣ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል ስለ ተፈረመው ውል፣ የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛና የኢጣልያንኛ ቅጂ ስለ መለያየቱ የማያውቅ ተማሪ አይገኝም። ሆኖም ውሉ በተፈረመበት በዚያው ዘመን፣ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ አገሩን ሁሉ እያጠፋ ነበር። በሽታው ለኢጣልያ ጦር ተብለው በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር እንደ መጣ ይታመናል፤ ከቀንድ ከብቱም ከመቶ ዘጠና ያህሉን እንደ ጨረሰ ይገመታል። በሬ ያለቀበት አራሽ ሞፈርና ቀንበሩን ከግድግዳ ሰቅሎ ቀረ፤ ማረሻው ዛገ፤ ምራኑ ደረቀ፤ ዘር በእጁ የቀረለትም ሰው ዘሩን ለመቅበር መሬቱን የሚገምስለት አላገኘም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለመኳንንቱ አርአያ እንደ ሆኑ ተጽፏል። ክፉ ቀን ተብሎ እስከ ዛሬ የሚታወሰው ረኃብም ከዚህ ተወለደ፤ ከሕዝቡ ሲሶ ያህሉ እንዳለቀ የሚገምቱ ሊቃውንት አሉ።

እንግዲህ ጠረፍን ተሻግሮ የመጣው ባዕድ ኃይል ከመድፉ አስቀድሞ የደረሰብን በከብቶቻችን በኩል ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ በመድረኩ ላይ አንበሳው ግዳይ ሆኖ ይታያል፤ በሬው ፈጽሞ አይታይም። ለእኔ እንደሚታየኝ፣ የእንስሳት መብት ጠበቆች ተቃውሞ እጅግ እውነት የሚሆነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ ቆዳው ከመድረክ መውረዱ ብቻ ለውጥ አያመጣም፤ የጐደለው አብሮን የሠራው፣ አብሮን የተራበውና አብሮን የሞተው ፍጡር ነውና። ጥቅምት 1888 ዓ.ም. በወረኢሉ የተሰበሰበው ሠራዊት ወደ ሰሜን ሲዘምት ስንቁንና ድንኳኑን ያጓጓዘው በቅሎና አህያ፣ ጀርባው በጭነት የተላጠ፣ በየመንገዱም ወድቆ የቀረ፣ በድል ታሪካችን አንድ አንቀጽ እንኳ ሊነፈገው አይገባም ነበር። ከዚህም በላይ አባቶቻችን የጦር መሪን በፈረሱ ስም የሚጠሩ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ የወሎውን ራስ ሚካኤልን አባ ሻንቆ የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ የሰውን ክብር ከእንስሳ ጋር እንዲህ ያስተሳሰረ ባህል ለእንስሳ መራራትን ከውጭ የመጣ ትምህርት ነው ብሎ ሊገፋው አይችልም።

በ13ኛው ምዕት ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርትን ባስፋፉበት በሐይቅ እስጢፋኖስ አገር ይህን ማስረዳት አይከብድም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአናብስትና በአናብርት ተከበው፣ የዋልድባው አቡነ ሳሙኤል በአንበሳ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ፤ አንበሳው በዚያ ግዳይ ሳይሆን ባልንጀራ ነው። የኦሪት ሕግ የሰንበትን ዕረፍት ለበሬና ለአህያ ጭምር ይሰጣል። የእስልምና ሊቃውንትም የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ ያስተምራሉ፤ በተሁለደሬና በአምባሰል ሁለቱ ሃይማኖቶች ጎን ለጎን የሚኖሩ ስለ ሆኑ፣ መምህሩ ከሁለቱም ወገን ምሳሌ ሊጠቅስ ይችላል። ሥጋ እየበላን ስለ አንበሳ ማዘን ግብዝነት ነው የሚል ቢኖር፣ ባርኮ አርዶ በመመገብና ለዝና በመግደል መካከል ያለውን ልዩነት ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን የሚጾም ሕዝብ አይስተውም እላለሁ። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ የተዘጋውም ከዚሁ ስሜት የተነሣ ይመስለኛል።

ስለዚህ ውጫሌን የሚያስተምር መምህር ከ17ኛው አንቀጽ ጋር የደስታን በሽታ በአንድ ክፍለ ጊዜ አብሮ ቢያቀርብ፣ ተማሪዎቹም ቤታቸው ሄደው በሬ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ከሽማግሌዎች ጠይቀው ጽፈው እንዲመጡ ቢያደርግ፣ በሽታው በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በክትባት ኃይል መሆኑንም የእንስሳት ሐኪም ጠርቶ ቢያስነግር፣ ፉከራው ከመድረክ ሳይወርድ ትርጉሙ ይሰፋል። እውነተኛ ጎፈርና የጉሬዛ ለምድ በቤቱ ያለው ትምህርት ቤትም ቢኖር፣ ሕጉ በዱር እንስሳት ውጤት ላይ ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን አውቆ፣ ከየት እንደ መጣና አውሬው ዛሬ በየትኛው የአገሪቱ ክፍል እንደ ቀረ ጽፎበት በመስታወት ውስጥ ያኑረው፤ ለልጁ ግን የፍየሉ ይበቃዋል።