ሀብታሙን ወደ ዋልማርት ያመጣው ምንድን ነው?

ሳም ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1962 በአርካንሳስ ግዛት የመጀመሪያውን ዋልማርት ሲከፍት ስሌቱ ቀላል ነበር፦ ዋጋ ቀንሶ፣ ብዙ ሸጦ ማትረፍ። ተተኪዎቹ ግን ሀብታሙንም ተመኙ። በ2005 «ቮግ» በተባለው የፋሽን መጽሔት ማስታወቂያ አወጡ፤ «ሜትሮ 7» የተሰኘ ዘመናዊ የሴቶች ልብስም አቀረቡ። አልሰመረም። ቀጥሎ መደብሮቹን ለማሳመር ብለው ከየመደርደሪያው ዕቃ ቀነሱ። በአሜሪካ የነባር መደብሮቻቸው ሽያጭ ወረደ፤ የለመደውን ዕቃ ያጣ ደንበኛ ፊቱን ወደ ዶላር ሱቆች አዞረ። በ2011 የቀነሱትን ዕቃ ወደ መመለሱ ገቡ።

በ2022 የኑሮ ውድነት ሲብስ፣ ኩባንያው በምግብ ሽያጭ ከጨመረው የገበያ ድርሻ ሦስት አራተኛ ያህሉ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ከሚያገኙ ቤተሰቦች እንደመጣ አስታወቀ። ፋሽን ያላመጣውን ሀብታም ውድነት አመጣው።

ሀብታሙ ዋጋ ሲረክስ ሊመለስ ይችላል፤ የድሃው አማራጭ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ርካሽ ሱቅ ሲያጌጥ መጠየቅ ያለበት፣ ከመደርደሪያው የወረደው የማን ዕቃ ነው የሚለው ነው።