ለአሥረኛ ዓመቱ በአውሮፕላን የመጣው ምሩቅ

ጆን ሮቢንሰን በ1924 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ቱስኪጊ የተመረቀ መካኒክ ነው፤ በረራ የተማረው በኋላ ቺካጎ ነው። በ1934 ጓደኞቹ አሥረኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ እሱ በአውሮፕላን መጣ፤ ትምህርት ቤቱም የበረራ ትምህርት እንዲጀምር ጠየቀ። ያኔ አልሆነለትም። በዓመቱ ወደ አገራችን መጥቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለንጉሠ ነገሥቱ በረረ። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ወጣቶቻችንን አብራሪነት አስተማረ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሳቢያ አዲስ አበባ ላይ ዐረፈ።

የጠየቀው ግን ቀርቶ አልቀረም። ከ1941 ጀምሮ ጥቁር አሜሪካውያን የጦር አብራሪዎች ቱስኪጊ ላይ ሠለጠኑ። ጀማሪዎቹ የተማሩት በስቲርማን ነው፦ ክንፉ ደርብ፣ ሁለቱም መቀመጫዎቹ ጣሪያ የሌላቸው። መሬት ላይ አፍንጫው ሽቅብ ስለሚያይ ፊት ለፊት አያሳይም፤ ተማሪው ግራ ቀኝ እየተጠማዘዘ ነው የሚነዳው።

በ2005 አንድ የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንንና ባለቤቱ የተሰባበረ ስቲርማን ገዝተው አደሱ። ቁጥሩ ሲጣራ ከቱስኪጊ ማሠልጠኛዎች አንዱ ሆኖ ተገኘ! ዛሬ ዋሽንግተን፣ የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሎ ይታያል።

ሮቢንሰን ለበዓሉ የመጣው ጥያቄ ይዞ ነው። እኛስ ዘንድሮ ለዩኒቨርሲቲያችን ምን ይዘን መጣን?