የሥራ ቦታ ለውጥና የሠራተኛው ምላሽ በጅቡቲ ከተማ

የሥራ ቦታ ለውጥ የሚባለው የሥራው መሣሪያ፣ አሠራር፣ ቦታ ወይም አስተዳደር ሲቀየር ነው። ሠራተኛው ለውጡን ሊቀበል፣ ሊቃወም፣ ዳር ቆሞ ሊያይ ወይም ሥራውን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ኑሮዋ በወደብና በባቡር ላይ የቆመው ጅቡቲ ከተማ ይህን ሁሉ ደጋግማ አይታለች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው በ1897 ሲሆን፣ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደርሷል። 784 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው በዚህ መስመር የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ወጣቱም ሙያውን በጋራዥ ውስጥ ከነባር ባለሙያ ጎን ቆሞ ይማር ነበር። በ1950ዎቹ በእንፋሎት የሚሠሩት ሎኮሞቲቮች በናፍጣ ሲተኩ፣ እሳት እያቀጣጠለ ማሞቂያውን የሚመግበው ሠራተኛ ቦታ አጣ። ሐዲዱ፣ ጣቢያውና ጋራዡ ግን የነበሩበት ስለቀሩ አብዛኛው ሠራተኛ የሚያውቀውን ይዞ መቀጠል ቻለ።

የኤሌክትሪኩ ባቡር ያመጣው ለውጥ ከዚህ ይለያል። በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው መስመር በጥር 2017 ጅቡቲ ላይ ተመርቆ በጥር 2018 መደበኛ የንግድ ሥራ ጀመረ። የሐዲዱ ስፋት ከ1 ሜትር ወደ 1.435 ሜትር ስላደገ አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች ሊሄዱበት አይችሉም። ጣቢያውም ከከተማው ዳር ናጋድ ላይ ሆነ። ነባሩ ባቡር ከዚያ በፊት ለዓመታት እየተዳከመ ስለነበር፣ በእሱ ላይ ያረጀው ባለሙያ ዕውቀቱን የሚያስረክበው ተተኪ ሳያገኝ ቀረ። እንዲህ ያለውን ሰው «ለውጥ የማይወድ» ብሎ መፈረጅ ስህተት ነው፤ የሚያዝነው ዕድሜውን የሰጠበት ሙያ ዋጋ ሲያጣ በማየቱ ነው።

ወደቡም እንዲሁ ተለውጧል። ከ1998 ጀምሮ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ምክንያት የኤርትራው የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ሲዘጋ፣ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ጎረፈ። በ2009 የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል ሥራ ጀመረ። ኮንቴይነር ብዙ ጫኝና አውራጅ የሚሸከመውን ጭነት በአንድ ክሬን ያስነሣል፤ ስለዚህ የጉልበት ሥራው ወደ ጆንያና ብትን ጭነት አዘነበለ፣ የክሬን ኦፕሬተር ተፈላጊነት ግን ጨመረ። ኢትዮጵያ ዕቃ በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ የሚደርስበትን የመልቲሞዳል አሠራር ስትጀምርም ብዙ የጉምሩክ ሥራ ከወደቡ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ዞሮ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽመውን የትራንዚተሩን የሥራ ቦታ ቀየረ። በየካቲት 2018 የጅቡቲ መንግሥት ከዱባዩ ዲፒ ወርልድ ጋር የነበረውን የተርሚናሉን ውል አቋርጦ አስተዳደሩን ሲረከብ ደግሞ፣ መሣሪያው ሳይነካ የበላዩ አካል ተለወጠ።

ለምላሹ ልዩነት ምክንያት ከሚሰጡ ጥናቶች የታወቀው ሌስተር ኮችና ጆን ፍሬንች በአሜሪካ በአንድ የፒጃማ ፋብሪካ ላይ ሠርተው በ1948 ያሳተሙት ነው። የሥራ አሠራር ሲቀየር ትእዛዝ ብቻ የደረሳቸው ሠራተኞች ምርታቸው ወደቀ፣ ቅሬታቸው በዛ፣ ሥራ የለቀቁም ነበሩ፤ በለውጡ ንድፍ የተሳተፉት ግን ፈጥነው ወደ ቀድሞ ምርታቸው ተመልሰው አለፉት። አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ ቅር የተሰኘ ሰው ወይ ይሄዳል ወይ ይናገራል ይላል፤ ታማኝነቱም ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ይወስናል። ሐሳቡን ያነሣሣው የናይጄሪያ ምድር ባቡር ከከባድ መኪና ጋር የነበረው ፉክክር መሆኑ ለጅቡቲ አንባቢ ሩቅ አይደለም፤ እዚህም ጭነቱን ባቡሩና የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ይሻሙታል።

ከእነዚህ አንጻር ሲታይ በጅቡቲ የለውጡ ክብደት ያረፈው በማሽኑ አዲስነት ላይ ሳይሆን፣ ነባሩ ሠራተኛ ሥልጠናና ቦታ በማግኘቱ ወይም በማጣቱ ላይ ነው። አዲሱ ባቡር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቻይናውያን ሲተዳደር፣ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ወጣቶች ከጎናቸው ሆነው እየሠለጠኑ ሥራውን ለምደዋል። በ2024 የቻይናውያኑ የአስተዳደር ውል አብቅቶ አስተዳደሩ ኢትዮጵያ 75 በመቶ፣ ጅቡቲ 25 በመቶ ድርሻ ወዳላቸው የባቡር አክሲዮን ማኅበር ተላልፏል።