የቤት ሽያጭ፤ ከብራና ኅዳግ እስከ ፍርድ ቤት መዝገብ

በደጎሎ ወይም በመካነ ሰላም ተመድቦ በመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኝ ሰው ለልጆቹ መጠለያ የሚሆን ቤት ለመግዛት ባሰበ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዋጋው፥ ስለ ጣራውና ስለ ግድግዳው ነው። ስለ ወረቀቱ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው። የቀድሞ ሰዎች በዚህ ነገር ከእኛ የበለጠ ይጠነቀቁ እንደ ነበር የሚያስረዳ ጽሑፍ ስላለ፥ በዛሬው ንግግራችን የቤት ሽያጭ ሕግ በአገራችን የተጓዘበትን መንገድ ጥቂት እናወሳለን።

ከነዚሁ ከተሞች በስተ ሰሜን፥ በዚያው በደቡብ ወሎ፥ የመቅደላ አምባ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን በበዘበዙ ጊዜ ከአድባራቱ የተወሰዱት መጻሕፍት በመጨረሻ ወደዚህ አምባ ወጡ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር መጻሕፍቱን ወሰደ፤ ከነዚህም 350 ያህሉ ለንደን ገብተው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

ይህ ከቤት ሽያጭ ጋር ምን ግንኙነት አለው ይባል ይሆናል። ግንኙነቱ እንዲህ ነው፤ በነዚያ የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር የተደረጉ የመሬትና የቤት ሽያጮች ተጽፈው ይገኛሉ። የሻጩና የገዢው ስም፥ በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ የተቈጠረው ዋጋ፥ ሽያጩን ያዩት እማኞች ስም ሁሉ ሰፍሯል። የታሪክ ሊቅ ዶናልድ ክራሚ እነዚህን ጽሑፎች መርምረው፥ ከሻጮቹና ከገዢዎቹ መካከል ሴቶች ብዙ እንደ ነበሩ ገልጸዋል።

ውሉ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ መጻፉ ያለ ምክንያት አልነበረም። መጽሐፉ ከዕቃ ቤቱ አይወጣም፥ ካህናቱ ሳያውቁም ማንም ሊፍቀው አይችልም። ሻጩም ገዢውም ቢሞቱ ብራናው ይመሰክራል። ያ ብራና ባሕር ተሻግሮ እንደሚቀር ግን ከጻፉት አንዱም አላሰበም።

በገጠር ነገሩ የተለየ ነበር። ቤቱ በርስት ላይ የቆመ በመሆኑ፥ ርስትም የዘመድ ሁሉ በመሆኑ፥ ለባዕድ መሸጥ ከዘመዶች ጋር ያጣላ ነበር። ሽያጭ ይበልጥ የተለመደው በከተማ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ስለ አዲስ አበባ መሬት ባወጡት ደንብ የከተማ ቦታ መግዛትና መሸጥ በሕግ ተፈቀደ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዋናው ሕግ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህ ሕግ፥ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ረቂቁን ያዘጋጁት፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። በቁጥር 2877 ግን በጽሑፍ ያልተደረገ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ፈራሽ ነው ከማለት በቀር ስለ መዝገብ አያነሣም። ስለዚህ በጽሑፍ ተደርጎ ያልተመዘገበ ውል ይጸናል ወይስ ይፈርሳል የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤቶችን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። በእኔ አስተያየት በጠበቆች ክርክር ተስፋ አድርጎ በሰፈር ወረቀት ቤት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በዕጣ ላይ ያስቀመጠ ነው።

ምክንያቱም በቁጥር 2878 ሽያጩ ቤቱ በሚገኝበት ስፍራ ባለው መዝገብ ካልተጻፈ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ አይሆንም። ሻጩ ያንኑ ቤት ለሁለት ሰው ቢሸጥና ሁለተኛው ቀድሞ በስሙ ቢያስመዘግብ፥ የፊተኛው ገዢ ወረቀቱን ይዞ ቤቱን ያጣል። ገንዘቡን ከሻጩ መጠየቅ ይችላል፤ ሻጩ ገንዘቡን ከጨረሰ ግን ፍርዱን የሚያስፈጽምበት ነገር አያገኝም። የሚያስገርመው፥ ሕጉ ያሰበው ታላቅ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ በነጋሪት ጋዜጣ በተለየ ትእዛዝ እስኪታወጅ ድረስ እንዲቆይ ሕጉ ራሱ መደንገጉ ነው። በዚህ ምክንያት የከተማ ሰው ማስረጃውን ሲፈልግ የኖረው ከማዘጋጃ ቤት ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ መሬትንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ፥ ሰው ግን በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራውን ቤት መሸጥና ማውረስ እንደሚችል ወሰነ። ስለዚህ ዛሬ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። በከተሞች ዳርቻ የገበሬ እርሻ «ቤት» ተብሎ በወረቀት የሚሸጥበት ጊዜ አለ፤ ቤት የተባለውም አንድ ሳምንት ያልሞላው የጭቃ ጎጆ ይሆናል። በውሉ ላይ ቤት ተብሎ ቢጻፍም በእውነት የተሸጠው መሬት ከሆነ ውሉ በሕግ ፊት አይጸናም። ገዢው አስቀድሞ ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል የይዞታ ማረጋገጫው በማን ስም እንደ ሆነ፥ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት ቢያጣራ፥ ይህ የአንድ ቀን ድካም ከዓመታት ክርክር ያድነዋል።

ሌላው ጥያቄ የባልና የሚስት ነው። ማስረጃው በባል ስም ብቻ ቢሆንም ቤቱ የጋራ ሀብት ሊሆን ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። እንግዲህ ገዢው ባልየውን ብቻ አስፈርሞ ቢሄድ፥ ነገ ሚስቲቱ ሽያጩ ይፍረስልኝ ብላ ለመክሰስ መብት አላት። በጎንደር ብራና ላይ ስማቸው በሻጭነት የተጻፈው ሴቶች ከሞቱ 200 ዓመት አልፏል፤ ዛሬም የቤት ውል በሚፈረምበት ጠረጴዛ ዙሪያ ሚስቲቱ ሳትጠራ የምትቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።