የቆየ የፒፓ ትምባሆና ማስቀመጫው

ትምባሆ የአሜሪካ ምድር ተክል ሲሆን ወደ አውሮፓ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሊዝቦን የፈረንሳይ መልእክተኛ የነበረው ዣን ኒኮ በ1560 ትምባሆን እንደ መድኀኒት ቈጥሮ ወደ ፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ላከ፤ ኒኮቲን የተባለውም ስም ከእርሱ ተወስዷል። ቅጠሉ ውቅያኖስ ተሻግሮ በመርከብና በመጋዘን ብዙ ጊዜ ቆይቶ ለአጫሹ ይደርስ ስለ ነበር፣ በደንብ ሳይጠበቅ የቆየ ትምባሆ ለማጨስ ይበጃልን የሚለው ጥያቄ አብሮት ተጓዘ። መልሱም በጊዜው ዕቃዎች ላይ ይነበባል።

የእንግሊዝ መርከበኞች ቅጠሉን ሩም በሚባለው መጠጥ አርሰው፣ በሸራ ጠቅልለው፣ በገመድ አጥብቀው ያስሩት ነበር፤ ሲፈልጉም ከጫፉ እየቈረጡ ያጨሱታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ነጋዴዎች የትምባሆው ዐይነት ስም የተጻፈባቸውን፣ የናስ ክዳን ያላቸውን የዴልፍት ሸክላዎች ይጠቀሙ ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ ትምባሆውን ከላይ የሚጫን ከባድ መክደኛ ያለው የእርሳስ ሣጥን ተሠራ። የሦስቱም ዓላማ አንድ ነው፤ አየር እንዳይገባና እርጥበት እንዳይወጣ መከላከል።

በዚህ ነገር ድርቀትንና ሻጋታን መለየት ያስፈልጋል። የደረቀ ትምባሆ ፈጥኖ ይነዳል፣ ጢሱም ይሞቃል፣ ምላስንም ያቃጥላል። ነገር ግን በጥቂት እንፋሎት ቀስ በቀስ ቢረጥብ እንደ ገና ሊጨስ ይችላል፤ ከአየር ጋራ የበነነው መዓዛ ግን አይመለስም። ሻጋታ የያዘው ከዚህ የተለየ ነው። ጠጕር የመሰለ ሽበት ካበቀለና የምድር ቤት ሽታ ከሸተተ፣ ማድረቅም ማርጠብም አያድነውም፤ መጣል ብቻ ነው። ለማርጠብ ሲባል የፖም ወይም የድንች ቍራጭ በዕቃው ውስጥ የማኖር ልማድም ብዙ ጊዜ ሻጋታን ይጠራል።

ዕድሜ ብቻውን የትምባሆ ጠላት አይደለም። በሉዊዚያና በሴንት ጄምስ አውራጃ የሚዘጋጀው ፔሪክ የተባለው ትምባሆ በበርሜል ውስጥ በከባድ ጭነት ተጨምቆ አንድ ዓመት ያህል እንዲብላላ ይደረጋል። ስለዚህ የሚያበላሸው የዘመኑ ርዝመት ሳይሆን የአጠባበቁ ጕድለት ነው።

ሆኖም «ይበጃል» የሚለው ቃል ሁለት ትርጕም አለው። እርጥበትን በሚገባ የጠበቀው እርሳስ ራሱ መርዝነት ያለው ብረት ነው። ደግሞም በብሪታንያ በ1950 የታተመው የዶልና የሂል ጥናት፣ በአሜሪካም በ1964 የወጣው የመንግሥት የጤና መግለጫ ማጨስ ከሳንባ ካንሰር ጋራ ያለውን ግንኙነት አስረድተዋል። እንግዲህ በጥሩ ሁኔታ የተጠበቀ ትምባሆ ጣዕሙ ይበጅ እንደ ሆነ እንጂ ለጤና ይበጃል ማለት አይደለም።

ይህ ነገር የሀገራችንን ባህል ለሚመረምሩም ይጠቅማል። ጋያ ውሃ የሚያዝበት ቅል፣ የሸክላ ራስና የሸንበቆ መሳቢያ ያለው ነው። ጢሱ በውሃ አልፎ ስለሚቀዘቅዝ፣ የደረቀ ቅጠል የሚያመጣው ቃጠሎ እንደ ፒፓ ያህል አይጠነክርም፤ የሻጋታው ጕዳት ግን በውሃው አይወገድም። ስለዚህ ጋያን የሚመዘግብ ተመራማሪ ቅሉንና ሸንበቆውን ለክቶ ቢተው ሥራው ጐደሎ ነው። ትምባሆው በምን ዕቃ እንደ ተቀመጠ፣ ማን እንደ ጠበቀው፣ መበላሸቱስ በምን ምልክት እንደ ታወቀ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ የባለቤቶቹ ዕውቀት የሚገኘው ከማጨሻው ይልቅ በማስቀመጫው ዘንድ ሊሆን ይችላልና።